በእኔ ፋንታ የምትናገረው ሴት

ውድ ጋሼ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። ባለቤትህ እሁድ ከሰዓት ብርቱካን ይዛ መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ያስያዝካትን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አደረሰችኝ። «ያንን ውክልና ከባዳዋ አንስታ ለእኔ ለታላቋ ትመልስ። ያን ቀን እመጣለሁ፤ እንደ ድሯችንም እንሆናለን» ብለሃል። ተናግራ ስትጨርስ ምንጣፉን ስታይ ቆየች። ምስኪን፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያንተን ቁጣ ተሸክማ ከቤት ቤት ስትዞር!

መልሱን በእሷ አፍ ልልክብህ አልፈለግኩም። ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ሸኘኋት። ይኸው ጻፍኩ። ውክልናው አይነሳም። ዛሬም አይነሳም፣ አንተ ደጄን ሳትረግጥ ዓመት ቢሞላህም አይነሳም። እንግዲህ ወረቀቱን ቀደህ ከመጣልህ በፊት መነጽርህን አድርግና ለምን እንደሆነ አንብብ። ይህን ያህል እንኳ አትነፍገኝም።

መጀመሪያ የማይካደውን ልናገር። አባባ ሲሞት እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ነበርኩ፤ አንተ ደግሞ ገና ጢም ያላበቀልክ ተማሪ። እማማ ሥራ ውላ እስክትመጣ ፀጉሬን የምታበጥረው አንተ ነበርክ፤ ሁሌም አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ አቁመህ መጽሐፍ ታስነብበኝ ነበር። «ድምፅሽን አውጪው! ከኋላ የተቀመጠው ይስማ!» ትለኛለህ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ምጣድና ባልዲ ነበር። እኔ ግን ለባልዲውም እንዲሰማው አድርጌ አነበብኩ። አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ያስቀጠረኝም ያው ድምፅ ነው። ለፈተና ከመጡት ሁሉ የእኔን ሲሰማ ሥራ አስኪያጁ «ይቺ ያለ ማጉያም ትሰማለች» አለ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚያች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ከታች አውቶቡሶቹ፣ ፊት ለፊቴ አንገቱ የተቆለመመ ማይክራፎን፣ ከራሴ በላይ የሚንቋቋ ማራገቢያ። «ክቡራን መንገደኞች፣ ወደ ወደቡ የሚጓዘው አውቶቡስ ከሦስተኛው መሥመር ሊነሳ ነው።» አንተ ከርዕሰ መምህርነት ጡረታ ከወጣህ በኋላ ጋዜጣህን ይዘህ መንገደኞቹ መሃል አግዳሚው ላይ መቀመጥ ጀመርክ። ሻይ የምታዞረዋ ሴት «ጋሼ፣ ጉዞው ወዴት ነው?» ብትልህ «የትም፤ እህቴን እየሰማሁ ነው» አልካት። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። የዚያን ዕለት ከላይ ሆኜ የራሰ በራህን ጫፍ እያየሁ አንዱን አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ እንድትሰማው ብዬ።

ስለዚህ አትወደኝም አላልኩም። ማንም አላለም።

ድምፄ መሻከር ሲጀምር ወደ ክሊኒኩ የወሰድከኝ አንተ ነህ። ከጉሮሮዬ የተወሰደው ናሙና ውጤት የሚሰማበት ቀን ግን «አንቺ እዚህ ቆይ» ብለኸኝ ለብቻህ ገባህ። እኔ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጥርስ አጠባበቅ ሥዕል እያየሁ ቆየሁ። ስትወጣ ፈገግ ብለህ ነበር። አሁን ሳስበው እንደዚያ ያለ ፈገግታ ፊትህ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የተዋስከው ነበር የሚመስለው። «ቁስለት ነው ሚጣዬ። ለብ ያለ ውሃ በጨው እያረግሽ ተጉመጥመጪ» አልከኝ።

ተጉመጠመጥኩ። ስንት ወር ተጉመጠመጥኩ፣ ጋሼ! ሚጣዬ የምትላት ሴትዮ አምሳ ዓመት ካለፋት ቆይቷል፤ ፀጉሯም ሸብቷል፤ እሷ ግን ታላቅ ወንድሟ ያላትን ሰምታ ጠዋት ማታ ጨው ስትጉመጠመጥ፣ ያ ነገር ጉሮሮዋ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። ባለቤትህ ታውቅ ነበር። ልጆችህ ያውቁ ነበር። ጎረቤትህ እንኳ ሲያገኘኝ እጄን ከልክ በላይ ሲጨብጠኝ «ምን ሆኗል ይሄ ሰውዬ» እል ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የገዛ ሕመሜን ከእኔ በቀር ሁሉ ሰምቶት ነበር።

የደረሰችልኝ ያቺ ባዳ የምትላት ናት። የስምሪት ክፍል ኃላፊያችን፣ መናኸሪያው ሁሉ ፍሬን እያለ የሚጠራት። የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ይወጣል፣ የቱ አይወጣም የምትለው እሷ ናት። ደረጃውን ወጥቼ ክፍሌ ስደርስ ትንፋሼ እንደ ፉጨት ሲወጣ ሰማችና «ይሄ ጎማ እየተነፈሰ ነው፤ ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለችኝ። «ወንድሜ ቁስለት ነው ብሎኛል» ብላት «ወንድምሽ ጎሚስታ ነው?» አለችኝ።

ትልቁ ሆስፒታል ያገኘናት ቀዶ ሐኪም መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የሰካች፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ነች። ከክሊኒኩ የተላከላትን ውጤት አየች፤ እኔን አየች፤ ደግማ ውጤቱን አየች። «ካንሰር መሆኑ እኮ ያኔውኑ ተነግሮ ነበር» አለችኝ። «ለማን?» አልኳት። «ለወንድምዎ።»

አላለቀስኩም። የሆነ ነገር ግን ውስጤ ቆመ፤ ሞተሩ እንደጠፋ አውቶቡስ። ከዚያ በቀጥታ አንተ ቤት መጣሁ። አትክልት እያጠጣህ ነበር። ቧንቧውን እንኳ ሳትዘጋ «ለአንቺ ብዬ ነው» አልከኝ። «ለእኔ ብለህ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀረኸኝ?» አልኩህ። ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ። አንተ ግን ስለ ጫማዬ ነበር ይቅርታ የጠየቅከኝ።

ሐኪሟ ነገሩን በግልጽ አስቀመጠችልኝ። ድምፅ ከሚወጣበት ከማንቁርቴ አንዱን ወገን ቆርጣ ታወጣለች፤ በዚያ ከዳነ ሻካራም ቢሆን ድምፅ ይተርፈኛል። ካንሰሩ ወደ ሌላው ወገን ተሻግሮ ከሆነ ግን ማንቁርቱን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ግድ ነው። ያኔ ድምፅ የለም። ትንፋሽም የሚወጣው የሚገባው በአንገቴ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ተከፍቶ ሲታይ ነው።

«ያኔ እርስዎ ተኝተዋል» አለችኝ። «የሚስማሙበትን አስቀድመው ይፈርሙልኛል። ቢሆንም ሥጋ ነው፣ ያላሰብነው ነገር ሊመጣ ይችላል። ከዚያም በኋላ ለቀናት ላይነቁ ይችላሉ። በእርስዎ ፋንታ የሚናገር አንድ ሰው ይምረጡ። አንድ ሰው። ኮሚቴ አልፈልግም።»

መጀመሪያ ያሰብኩት አንተን ነው። ይህን እወቅ፤ የትም ብትሄድ ይህን ይዘህ ሂድ። ያንን ሁሉ ከደበቅከኝም በኋላ ያሰብኩት አንተን ነው።

እራት ላይ ጀመርኩት። «ጋሼ፣ ምናልባት ራሴን ባላውቅ ...» ስል ማንኪያህን አስቀምጠህ «ሟርት አታውሪ!» አልከኝ። በስልክ ሞከርኩ፤ «ክፉውን ያርቀው» ብለህ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ማውራት ጀመርክልኝ። እኔ ስለ ሞቴ ልነግርህ፣ አንተ ስለ ቆርቆሮ! በመጨረሻ ሳሎንህ ገብቼ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ ፊት ለፊትህ ተቀመጥኩ። «ማንቁርቴን ማውጣት ግድ ከሆነ ይውጣ። ዲዳ ሆኜም ቢሆን መኖር እፈልጋለሁ። ይህንን ትልልኛለህ?» አልኩህ።

እጄን ያዝከኝ። ዓይንህ እንባ አቅሮ ነበር። «ሚጣዬ፣ አንቺ ማለት እኮ ድምፅሽ ነሽ። ያለ እሱ ምን ልትሆኚ? እኔ እያለሁ ማንም ጉሮሮሽን አይቆርጥም።»

«ጋሼ፣ መኖር እፈልጋለሁ አልኩህ።»

«አሁን ፈርተሽ ነው እንጂ እንዲህ አትይም። እኔ አውቅሻለሁ።»

እጄን እንደያዝክ ነበር። በፍቅር ነበር የያዝከው። ባለቤትህም በር ላይ ፎጣ ይዛ ቆማ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ከዚያ ቤት ስወጣ የገባኝን ልንገርህ። አንተ ትወደኛለህ፤ አትሰማኝም። ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ደግሞ የሚያስፈልገኝ የሚሰማኝ ነው።

በማግስቱ ከሥራ በኋላ ፍሬን ቢሮ ገባሁ። ፍሬን የምትባለው ለምን እንደሆነ አንተም ትሰማ ነበር፤ ግን ስቀህበት አልፈሃል። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ «ሕዝቡ ተሳፍሯል፣ ልቀቂው» ሲላት የኋላ ጎማው ክሩ ያለቀ አውቶቡስ አለቅም ብላ መውጫው ላይ ወንበር አስቀምጣ ተቀመጠችበት። መንገደኛው ሰደባት፣ ሾፌሩ ለመናት፣ ሥራ አስኪያጁ አባርርሻለሁ አለ። ጎማው ተቀየረ። ከወንበሯ ተነሳች። «መልካም መንገድ» አለች። በቃ፤ ሌላ ወሬ የለም።

ነገሩን ስነግራት ሟርት አላለችኝም። በሩን ዘጋች፣ ስልኩን ከመቀመጫው አነሳችና ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፣ ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ድምፅሽ ቢሄድስ?»

«ልኑር።»

«በቀዳዳ ብትተነፍሺስ? ሰው እየዞረ ቢያይሽስ?»

«ይየኛ። ልኑር።»

«አእምሮሽ ባይመለስስ? ማንንም ባታውቂ፣ ማሽን ብቻ ቢያስተነፍስሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ራሴንም ጠይቄ አላውቅም። አልቸኮለችብኝም። ከውጭ አንድ አውቶቡስ ወደኋላ ሲመለስ ይጮህ ነበር፤ እሱ እስኪቆም ጠበቀችኝ።

«እሱን አልፈልግም» አልኳት። «ተስፋ እስካለ ይሞክሩ። ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ መመለስ የለም ካሉ ግን ሕመሜን አስታግሰውልኝ ይልቀቁኝ።»

«ወንድምሽ እግሬ ላይ ቢወድቅስ?»

«አንሺው፤ ውሃ ስጪው። ከዚያ ያልኩሽን አድርጊ።»

አገጯን ይዛ አሰበች። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገረች። «እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ብሆን አላስቆርጥም ነበር። ያለ ድምፅ መኖርን አልችለውም።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ?»

«ታዲያማ አውቶቡሱ ያንቺ ነው። እኔ መነሻ ሰዓቱን ነው የማስከብረው።»

ጋሼ፣ ያን ጊዜ ነው የመረጥኳት። ከእኔ ጋር ስለተስማማች አይደለም። ሳትስማማ የእኔን ቃል ልትናገር ስለምትችል ነው። አንተ ልብህ የሚልህን ትናገር ነበር፤ እሷ እኔ ያልኩትን ትናገራለች። ሐኪሟ ፊት ሁለታችንም ፈረምን፤ ሐኪሟም ያንኑ ጥያቄ አንድ በአንድ ደግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደግሜ መለስኩ።

ላንተ የነገርኩህ ደብቄህ እንዳይመስልህ ብዬ ነው። እኔ ሰው ኮሪደር ላይ አላስቀርም። ያንን ቀን ግን ቤቱን በአንድ እግሩ አቆምከው። «የሥጋ ዘመድ አልቆ ነው ባዳ ለሕይወቷና ለሞቷ የሚሾመው? ሰው ምን ይላል? አሳድጌሽ፣ አስተምሬሽ፣ ለአንዲት አውቶቡስ ለምታስነሳ ሴትዮ!» ሰው ያለውን አለ፣ ጋሼ። የሰው አፍ እኔን አይቀብረኝም፣ አያድነኝምም።

የቀዶ ጥገናው ቀን የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ተኝቼ ነበር። ግን ፍሬንም ባለቤትህም ለየብቻ ነግረውኛል፤ ቃላቸው አንድ ነው። ስለዚህ እንዲህ አልነበረም እንዳትለኝ።

ሐኪሟ ጭምብሏን አገጯ ላይ አውርዳ ወጣች። «ተሻግሯል» አለች። «ሙሉውን ማንሳት አለብኝ። ፈርማልኛለች። ቢሆንም የማይመለስ ነገር ስለሆነ ከመቁረጤ በፊት በእሷ ፋንታ የሚናገረውን ሰው መስማት እፈልጋለሁ።»

አንተ ከወንበርህ ተነሳህ። ትምህርት ቤት ሰልፍ ፊት የምትቆመውን አቋቋም ቆምክ አሉኝ። «ታላቅ ወንድሟ እኔ ነኝ። መልሳችሁ ዝጉት። ድምፅ የሌላት እህት አልረከብም።»

ሐኪሟ አላየችህም። ወደ ፍሬን ዞረች። አንተ መሃላቸው ገባህ። «አንቺ ምኗ ነሽ?» አልካት።

«የሥራ ባልደረባዋ። ዛሬ ግን አፏ ነኝ» አለችህ። ከዚያ ለሐኪሟ እንዲህ አለቻት፦ «እኔን ብትጠይቂኝ እፈራለሁ። እሷን ግን ጠይቄያታለሁ። ልኑር ብላለች። አንሺው።»

«ገደልሻት!» ብለህ ጮህክ። ነርሷ ከወዲያ ብቅ አለች። ማንም ያልመለሰልህን መልስ ያን ጊዜ የመለሰችልህ ባለቤትህ ናት፤ በትዳራችሁ ሙሉ ባደባባይ ቃል መልሳልህ የማታውቀዋ። ክንድህን ይዛ «ተው እንጂ፣ አንተ ሰው። ሳሎናችን ቁጭ ብላ መኖር እፈልጋለሁ ስትል እኔ ሰምቻታለሁ። አንተም ሰምተሃል» አለችህ።

ተቀመጥክ አሉኝ። ሐኪሟም ገባች።

እንግዲህ የነቃሁበትን ልንገርህ። ፊልም ላይ እንደሚታየው በሰላም ፈገግ ብዬ አልነቃሁም። ነቅቼ ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም። አየሩ በአንገቴ በኩል ፉት ብሎ ወጣ። የማውቀውን ሁሉ ድምፅ ሞከርኩ፤ የወደቡን አውቶቡስ እንኳ ልጠራው ሞከርኩ፤ ምንም። አለቀስኩ። ለቅሶም ድምፅ ከሌለው ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ፍሬን አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ሰሌዳ ላይ «ለምን?» ብዬ ጻፍኩላት፣ በንዴት፣ ጠመኔው እስኪሰበር። አላባበለችኝም። «አንቺ ስላልሽ» አለችኝ። «ካንቺ የተቀበልኩትን ነው ያደረስኩት። ስትፈልጊ ስደቢኝ፤ ጻፊልኝ፣ አነበዋለሁ።» ጻፍኩላት። አነበበችው። ሦስተኛው መሥመር ላይ የፊደል ስህተት አገኘችብኝ።

አንተም መጣህ፤ አንድ ጊዜ። በሩ ላይ ቆምክ። ቀዳዳውን አየኸው። እኔ እጄን ዘረጋሁልህ። አንተ ጋዜጣህን ፊትህ ላይ አድርገህ ተመለስክ። የሐኪሟ ምላጭ ማደንዘዣ ነበረው፣ ጋሼ። ይሄኛው አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቅህ «እህቴን አጣኋት» ትላለህ አሉ። ይህን ስሰማ ነው ደሜ የፈላው፤ ይህን ደብዳቤም ያስጻፈኝ ከመልእክትህ ይልቅ ይሄ ነው። የት ነው ያጣኸኝ? አለሁ እኮ! አንተ ካለህበት በአውቶቡስ አራት ፌርማታ ነኝ። ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ። ሐኪሟ በየቀጠሮው ውስጤን በመብራት አይታ «እስካሁን ንጹህ ነው» ትለኛለች። በአፍንጫዬ ስለማልተነፍስ ሽታ የሚባል ነገር ርቆኛል፤ ሳሙናም ሆነ ናፍጣ ለእኔ አንድ ናቸው፤ ናፍጣው አልናፈቀኝም፣ ሳሙናው ይናፍቀኛል። ቀዳዳዬን አቧራ እንዳይገባበት በስስ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ለሐፍረት ብዬ ግን አልሸፍነውም። መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሰውዬ አፍጥጦ ቢያየኝ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ በደንብ አሳየሁት። አውቶቡስ አመለጠው።

ሥራም አልተውኩም። አሁን ፍሬን ክፍል ውስጥ የመነሻ ሰሌዳውን የምሞላው እኔ ነኝ። በእኔ ቦታ ማይክራፎኑ ጋ የተቀመጠችው ወጣት ቃላት ስትበላ መስታወቱን አንኳኩቼ ከኋላ የተቀመጠው እንዲሰማ በእጄ አሳያታለሁ፤ ያስተማርከኝ ትምህርት የትም አልሄደም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት እውነት ከሆነ ደግሞ መናኸሪያው ውስጥ ከእኔ በላይ ሀብታም የለም። ስስቅ ትከሻዬ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ፍሬን «ይቺ ሴትዮ ያለ ሞተር ትነዝራለች» ትላለች። አየህ፣ ይሳቅብኛል፤ እስቃለሁ። የሞተ ሰው ይህን አያደርግም።

አንድ ነገር ንገረኝ። እዚያ አግዳሚ ላይ ጋዜጣህን ይዘህ ስትቀመጥ የምትሰማው እኔን ነበር ወይስ ድምፄን? ድምፄን ከሆነ፣ አዎ፣ እሱ ሞቷል፤ ልታዝን መብትህ ነው፤ እኔም አዝኛለሁ። እኔን ከሆነ ግን ሳልሞት ሰው ፊት አታልቅስልኝ።

«ለእኔ ለታላቋ ትመልስ» ማለትህንም እንይ። ምኑን ነው የምመልስልህ? ሕይወቴ ከአባባ የወረስነው ቤት አይደለም፣ በታላቅነት አይያዝም። ታላቅነትህን ማንም አልወሰደብህም። ስንጣላ የምታስታርቀን አንተ ሁን፤ ማዕድ ላይ ራስጌ ተቀመጥ፤ ስሞት ከፊት ሆነህ ቅበረኝ። አልጋ ላይ ወድቄ አፌ ሲዘጋ ግን የሚናገርልኝን የምመርጠው እኔ ነኝ። ፍሬን መልእክትህን ስትሰማ «ወንድምሽን በእኔ ሰበብ እንዳታጪው፤ ከፈለግሽ ልተወው» ብላኝ ነበር። ሰሌዳዬን አንስቼ «ቁጭ በይ» ብዬ ጻፍኩላት። ባለፈው ቀጠሮዬም ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ያንኑ አጸናሁ። ድምፄ ሄዶም እኖራለሁ ያልኩት ጸንቷል። አእምሮዬ ካልተመለሰ ልቀቁኝ ያልኩትም ጸንቷል። ሁለቱም የእኔ ቃል ናቸው። ሁለተኛውን ስትሰማ እንደምትጮህ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ለአንተ ያልሰጠሁት። ያን ቀን ከመጣ ፍሬን እንደገና እየፈራችም ቢሆን ትናገረዋለች፤ ያኔ አትጩህባት። ወንበር ስጣት።

ደግሞም አሁን የአንተን ላንሳ፤ ሟርት ብትለኝም አነሳለሁ። ለልብህ ጠዋት ጠዋት ክኒን ትውጣለህ። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆመህ ጫማህን የምታስር መስለህ እንደምታርፍም አይቻለሁ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርገህ እንኳ። አንተስ? አንድ ቀን ብትወድቅ በአንተ ፋንታ ማን ይናገር? «እናንተ ታውቁኛላችሁ» ትላለህ። አናውቅህም። ጠይቀንህ አናውቅም፣ ነግረኸን አታውቅም። ሦስት ወንዶች ልጆችህ ኮሪደር ላይ ቆመው ሲካሰሱ ይታየኛል፤ ሁሉም እየወደዱህ። ባለቤትህን ምረጥ። ከዚያ ቤት ውስጥ ጆሮ ያላት እሷ ብቻ እንደሆነች ያን ቀን አሳይታሃለች። እኔን ብትመርጠኝም እሺ እላለሁ፤ ግን እወቀው፣ ሳሎንህ ገብቼ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ያንን ሁሉ ጥያቄ አንድ በአንድ ጽፌ እጠይቅሃለሁ። የምትመልስልኝ ነገር ቢያስጠላኝም፣ ቢያስለቅሰኝም፣ ያልከውን አደርሳለሁ። እንዲህ ነው መውደድ ብዬ ተምሬያለሁ፤ ያስተማረችኝም ባዳ ናት።

ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ አንድ ወሬ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ያለ ማንቁርት መናገር የምታስተምር ባለሙያ አለች። አየር ውጠህ ከጉሮሮህ ታች መልሰህ ትገፋዋለህ፤ እንደ ግሳት ያለ ድምፅ ይወጣል፤ እሱን በከንፈርህና በምላስህ ቃል ታደርገዋለህ። አያምርም። ርዕሰ መምህር ፊት የሚደረግ ነገር አይደለም። «ባቡር» በይ፣ «ዳቦ» በይ ስትለኝ ሳምንታት አለፉ። የሚወጣው አየር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ደክሞኝ አይታ፣ «ለዛሬ ይብቃን፣ ወደ ቤት ሂጂ» አለችኝ። እኔ ልሄድ አልፈለግኩም። አየሩን ዋጥኩና ገፋሁት።

«እምቢ!»

ወፍራም፣ የተሰነጠቀ፣ የእንቁራሪት ድምፅ። ግን ቃል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ሁሉ አጨበጨቡ፤ አንዱ ሽማግሌ እንደ እኔው ድምፅ አልባ ስለሆነ በከዘራው ወለሉን ደበደበ። ስለዚህ ለመልእክትህ የምሰጥህ መልስ አሁን በጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ በአፌም እችለዋለሁ፤ መጥተህ መስማት ትችላለህ።

ቀጥሎ የምለማመደው ቃል «ጋሼ» የሚለውን ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ መረጥኩት። «ጋ» ይወጣል። «ሼ» ላይ ስደርስ አየሩ ያልቅብኛል። እስክችለው ድረስ አልጠብቅህም፤ አንተም አትጠብቀኝ። በር ከፍቼ «ጋ» ብዬ ስቀር የቀረውን አንተ ጨርስልኝ። ይህችን አንዲት ቃል ብቻ።

ታናሽ እህትህ